ከጥላው ሥር የተጠራ አውጫጭኝ

ተረት ልናገር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ። መሳቅ ያማረው ካለ ከአሁኑ ይውጣ፣ ይቺ የሳቅ ተረት አይደለችም።

ድሮ፣ ስሙን የሚያስታውስ ሰው በሌለበት አገር፣ አንድ ባሕር ነበር። ከባሕሩ ወለል ላይ አንዲት ትልቅ ተክል በቅላለች። ቅጠሏ ሰፊ፣ ሽታዋ ማር ማር የሚል፣ ጥላዋ መንደር ሙሉ የሚያስጠልል። ዓሦቹ «ዋርካችን» ይሏታል። እንቁላል የሚጥሉት እሷ ሥር፣ ለሽምግልና የሚቀመጡትም እሷ ሥር። ሥጋ በል መሆኗን የሚያውቅ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭቃ ሹሙ ሸርጣን። ውጣ የምትተፋውን አጥንት ከጀርባዋ ሆኖ እየጋጠ የሚኖር፣ ሆዳም!

አንድ ቀን የአንዲት እናት ዓሣ ልጅ ጠፋ። ሰባት ነበሯት፣ ስድስት ቀሩ። ሸርጣን ደጅ ሄዳ «ጌታዬ፣ አውጫጭኝ ይጠራልኝ!» ብላ ጮኸች። አውጫጭኝ ታውቁ የለ? አገሩ በሙሉ ይሰበሰብና ጥፋተኛውን ያወጣጣል። ታዲያ የት ይሰበሰባል? ዋርካ ሥር ነዋ!

ሸርጣን መቆንጠጫዎቹን እያጋጨ ተነሣ። «ያየህ ተናገር! የሰማህ መስክር! ሌባው ሳይወጣ ማንም አይወጣም!»

«አላየንም! አልሰማንም!» አሉ ዓሦቹ።

እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ከበላያቸው አንድ ቅጠል እንደ መዳፍ ቀስ ብሎ ተጨበጠ፤ ቀና ብሎ ያየ የለም። ደክሟቸው ሲበተኑ እናት ልጆቿን ብታይ አምስት ናቸው። «ኧረ ያገር ያለህ!» አለች። በማግስቱ ሌላ አውጫጭኝ ተጠራ። ያየህ ተናገር! አላየንም! የሰማህ መስክር! አልሰማንም! አምስቱ አራት ሆኑ።

ይሄኔ ሽማግሌው ኤሊ ተነሣ። «ወገኖቼ፣ በተሰበሰብን ቁጥር ነው የምንጎድለው። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ከዚህ ጥላ ወጥተን ፀሐይ ላይ እንቀመጥ።»

«ሰማችሁት ይህን ጃጅቶ የለየለት?» አለ ሸርጣን። «አባቶቻችን የተቀመጡበትን ጥላ ተዉ ይለናል! ከጥላ የሚሸሽ ምን ቢኖርበት ነው?»

ምነው ትተያያላችሁ? እናንተስ ብትሆኑ ፀሐይ ላይ ትቀመጡ ነበር?

«ልጆቼን የበላህ አንተ ነህ!» ብላ ከሁሉ ቀድማ የጮኸችው እናት ናት። ሕዝቡም ተቀበላትና ኤሊን ከአገር አባረሩት። እሱ ግን «ልጆችሽን ያዢ እህቴ፣ ልጆችሽን ያዢ» እያለ ሄደ። እሷ ያን ቀን ሌባው ተገኘ ብላ ደስ አላት፣ ምስኪን።

ከዚያማ ምን እላችኋለሁ። ጎረቤቱ አለቀ፣ ልጆቿም አለቁ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ቀረቻት። ለመጨረሻው አውጫጭኝ የመጡት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ።

«ያየህ ተናገር!» አለ ሸርጣን።

«እማዬ፣ ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ እኮ» አለች ልጅቱ።

«ዝም በይ! ጭቃ ሹሙ እየተናገሩ!»

ቅጠሉ ወረደና ተጨበጠ። እናት በጭንቅላቷ ደበደበችው፣ በአፏ ቦጨቀችው፤ በስሱ ቅጠል ውስጥ ትንሿ ጭራ ትወራጫለች፣ ትወራጫለች፣ ቆመች።

«አየሁ!» አለች እናት። «አየሁ! ልመስክር! አየሁ!»

«ለማን?» አላት ሸርጣን።

በማግስቱ ሸርጣን እንደ ልማዱ ወጥቶ «ያየህ ተናገር!» ብሎ ተጣራ። መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ዋርካዋ ደግሞ ርቧታል፤ ቅጠሏ ወርዶ እሱኑ ጨበጠው። የእሱን ቅርፊት የጋጠላት ግን የለም።

እናት ኤሊን ፍለጋ ወጣች አሉ። ብታገኘውስ ምን ትለዋለች?

ተረቴን መልሱ አልላችሁም፤ ይቺን ማን ይመልሳታል? ብቻ ይህን ያዙ፦ ሌባው ጥላው ሲሆን፣ አውጫጭኙ ድግሱ ነው።