ከዋንዛው ጀርባ የተቀመጡት ነጋዴዎች

ሰሚዎቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አውሬ ከአውሬ፣ ዕቃም ከጌታው ጋር ይነጋገር በነበረበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

አያ ግንደ ቆርቁር እንጨት እያሽከረከረ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀርጽ ባለሙያ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ ሙያውን ሊያሳይ ከአንድ ዋንዛ ሥር ሕዝብ ይሰበስባል። ሦስት ነጋዴዎችም ይመጡ ነበር፤ ጃርት መሮ ይዞ፣ ንብ የእንጨት መወልወያ ሰም ይዛ፣ ኤሊ የመሮ መሳያ ድንጋይ በጀርባዋ ተሸክማ። ቦታቸው ግን ከዋንዛው ጀርባ ነበር። ሕዝቡ አያ ግንደ ቆርቁርን ከቦ «እሰይ! እሰይ!» ሲል ይውላል፤ ወደ እነሱ ዞር የሚል የለም።

በመጀመሪያው ዓመት ንብ፣ «አያ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ዋልሽ ያለኝ እንኳ የለም» አለችው።

«ለከርሞ ይስተካከላል» አላት።

ለከርሞ ንብ ቀረች። ሳህኖቹ ሰም አጥተው ተሰነጣጠቁ።

በሁለተኛው ዓመት ጃርት፣ «አያ፣ እዚህ ተቀምጠን ማን ያየናል?» አለው።

«ለከርሞ ይስተካከላል» አለው።

ለከርሞ ጃርትም ቀረ። አዲስ መሮ ጠፋ።

በሦስተኛው ዓመት ኤሊ ብቻዋን፣ ሰባት ቀን ተጉዛ መጣች። እኩለ ቀን ላይ አሮጌው መሮ፣ «ጌታዬ፣ ደንዝዣለሁ! እንጨቱን እየቦጫጨቅሁት ነው!» ብሎ ጮኸ። አያ ግንደ ቆርቁር ወደ ዋንዛው ጀርባ በረረ። ኤሊ የለችም፤ ድንጋዩ ብቻ ተቀምጧል።

«ባለቤትህ የት ሄደች?»

«ውሃ ጠምቷት ስትጣራ ዋለች» አለ ድንጋዩ። «ጩኸታችሁ ድምጿን ዋጠው። እኔን መሸከም ቢያቅታት ትታኝ ወደ ወንዙ አዘገመች።»

እየበረረ ተከተላት። ከወንዙ ሳትደርስ መንገድ ላይ ወድቃ አገኛት። ውሃ በመንቁሩ እየቀዳ አንድ ጠብታ፣ ሁለት ጠብታ፣ ሦስት ጠብታ አፏ ውስጥ አኖረላት። ዓይኗን ገለጠች።

«እመት ኤሊ፣ ይቅር በይኝ።»

«እንድታዝንልኝ አልመጣሁም» አለችው። «ዕቃዬን የሚያይልኝ ባገኝ ብዬ ነው። ድንጋዩን ለእህቴ ስጣት። እሷን ግን ከጀርባ አታስቀምጣት።»

ይህን ብላ ሞተች። እዚያው ቀበራት።

ከዚያ በኋላ የንብ ቀፎ ድረስ፣ የጃርት ጉድጓድ ድረስ፣ የኤሊ እህት ቤት ድረስ ራሱ ሄደ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላቸው፤ ድንጋዩንም ለኤሊ እህት አስረከባት።

በዓመቱ ሦስቱን ከፊት፣ ከጥላው ሥር አስቀመጠ። በየአጠገባቸውም ውሃ አኖረ።

«እኛ የመጣነው አንተን ለማየት ነው፤ ጀምር እንጂ!» አለች ጦጣ።

«አልጀምርም። መጀመሪያ እነሱን አነጋግሩ።»

ክንፉን አጥፎ ተቀመጠ። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ተነሣና የኤሊን እህት፣ «ይህ ድንጋይ እንዴት ነው የሚስለው?» ብሎ ጠየቃት። የጃርትን መሮ ወስዳ እየሳለች አስረዳችው። ከዚያ ሌላው መጣ፤ ከዚያም ሌላው። አያ ግንደ ቆርቁር ሥራውን የጀመረው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ የቀረጸውም አንዲት ሳህን ብቻ። ያጉረመረመ አልነበረም።

ልብ በሉ ሰሚዎቼ፤ የባለሙያን እጅ ስታደንቁ፣ መሣሪያውን ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣለትንም በሕይወት ሳለ እንዴት ዋልክ በሉት። እኔ የሰማሁትን ለእናንተ አስረክቤያለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለሌላ አስረክቡ።