ነጻ የተባለችው ገብስማ ዶሮ

ኑ፣ ጠጋ በሉ! ጆሯችሁን ከነጉትቻው አምጡት። ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲያስነጥሰው ዛፍ «ይማርህ» በሚልበት ዘመን፣ ወይዘሮ ትጓደድ የሚሏት ባልቴት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት።

ገብስማ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንቁላሎቿን ታቅፋ ጫጩት መፈልፈል። ትጓደድ ግን በየገበያው ቀን እጇን ትሰድና እንቁላሉን ጠራርጋ ትሸጠዋለች። ዶሮዋ ጎጆዋን እንዳትጠላ አንዲት አሮጌ እንቁላል ብቻ ትተውላታለች። እሷንም በስሕተት እንዳትሸጣት በከሰል ምልክት አድርጋባታለች። ገብስማ «አልነሣም» ብላ ያቺኑ አሮጌ ከታቀፈች ደግሞ፣ ከክንፏ ላባ ትነቅልና በአፍንጫዋ ታሳልፍባታለች፤ መታቀፉን እንድትረሳ።

በአንድ የገበያ ቀን ምንትዋብ የምትባል የከተማ ሴት መጣች። ልቧ ከመራራቱ የተነሣ ሣር ስትረግጥ ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት።

«እትዬ ትጓደድ፣ የታጎረች ዶሮ እንቁላል ከጉሮሮዬ አይወርድም። የእርስዎ ዶሮ ነጻ ናት?»

«ነጻ? ኧረ ልጄ! ቤቱ የእሷ ነው፣ እኔ ጥገኛ ነኝ። ቀን ሲያሻት ተራራ ትወጣለች፣ ማታ ሲያሻት እኔን ገፍታ አልጋዬ ላይ ትተኛለች። በሩ እንደሆነ ተከፍቶ ነው የሚውል!»

«እንግዲያው ገበያ ደርሼ ስመለስ ያለውን ሁሉ እወስዳለሁ» ብላ ሄደች።

ገብስማ ሰማች። «ነጻ ነኝ ለካ! ምነው ማንም ሳይነግረኝ?» አለችና ሮጣ በሩ ዘንድ ሄደች።

«በር፣ በር፣ ነጻ ነኝ ወይ?»

«ይኸው ክፍት ነኝ» አለ በሩ ሲጢጥ እያለ። «ሂጂ!»

«እንቁላሎቼን ትቼ?»

«እሱ ነው እንግዲህ። ትተሻቸው እንደማትሄጂ ባይታወቅ ኖሮ እኔን ማን ይከፍተኝ ነበር?»

ግድግዳው ላይ ወደተሰካው ላባ ሄደች።

«ላባ፣ ላባ፣ ነጻ ነኝ ወይ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ከክንፍሽ ተነቅዬ አፍንጫሽ ውስጥ የገባሁትን? እኔን ራሴን እስካሁን ያስነጥሰኛል!»

ወደ ጎጆዋ ተመለሰች።

«እንቁላል፣ እንቁላል፣ ነጻ ነኝ ወይ?»

አሮጌዋ እንቁላል ውስጧ እየተንቦጫረቀ ሳቀች። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ስቀመጥ ጎፈሬ የነበራቸው ሰዎች ዛሬ ራሰ በራ ሆነዋል። ወሬውን ተዪና ሥራ እንሥራ። የከሰሉን ምልክት ከእኔ ጥረጊና ለሌሎቹ አድርጊላቸው። ሴትዮዋ ከገዛ ምልክቷ በቀር የምታምነው የለም።»

ገብስማ ከምድጃው ከሰል በመንቆሯ አመጣች። አንዷን ጫረች፣ ሌላዋን ጫረች፣ ሁሉንም ጫረች። የአሮጌዋን ምልክት ግን በደረቷ አሽታ አጠፋችና ቁጭ አለች።

ምንትዋብ ስትመለስ ትጓደድ እጇን ሰደደች። ብታወጣ ምልክት፣ ብታወጣ ምልክት!

«ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ? አይ እርጅና!» ምልክት ያለውን አትነካም፤ ምልክት የሌላትን አንዷን መዘዘች። «በይ ልጄ፣ ለዛሬ ይቺው ናት። ገና ትኩስ ናት፣ አሁን የተጣለች!»

«እንግዲያው እዚሁ ይጥበሱልኝ፤ ርቦኛል።»

ትጓደድ ሰበረቻት። ጧ! ከሽታው የተነሣ ውሻው ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ጌታ ፈለገ። ድመቷ ሥጋ እርም ብላ መነኮሰች። የምንትዋብ ሹሩባ ራሱን በራሱ ፈታ።

«ነጻ ናት ብለውኝ!» ብላ ምንትዋብ ወደ ጎጆው ሮጠች። «አፍንጫዋስ ለምን ቆሰለ?»

«ጌጥ አድርጋበት ነዋ!» አለች ትጓደድ። «ነጻ አይደለች? ማን ይከለክላታል!»

ምንትዋብ ተንበረከከች። «እስኪ አንቺው ንገሪኝ፣ የኔ ገብስማ። ነጻ ነሽ?»

ይህን ስትጠይቅ እጇ ሳታውቀው ከዶሮዋ ሥር ገብቶ አንዲት ሙቅ እንቁላል ጨብጦ ነበር።

«እመቤቴ» አለች ገብስማ፣ «መጀመሪያ እጅዎን ከሥሬ ያውጡ። ከዚያ እናወራለን።»

ምንትዋብ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። እንቁላሏን ለቀቀችና ባዶውን አወጣችው።

ትጓደድ ተናድዳ ላባውን ከግድግዳው ነቀለች። ላባውም ከጣቷ ሾልኮ ሄደና የራሷ አፍንጫ ውስጥ ጥልቅ! እሷ ደጅ ለደጅ ስታስነጥስ ከረመች፤ ገብስማም ማንም ሳይነካት ታቅፋ ፈለፈለች። ጫጩቶቹ ጀርባቸው ላይ የከሰል ጭረት ይዘው ወጡ። ዛሬም ጀርባው ጥቁር ጭረት ያለበት ጫጩት ካያችሁ የገብስማ ዘር ነው፤ ውሸት ካላችሁ ጫጩቱን ጠይቁት።

እንግዲህ «ዶሮዋ ነጻ ናት» ሲሏችሁ በሩን አትዩ። የገዛ እጃችሁን እዩ፣ የት እንደገባ።

እኔ ተረቴን ጥያለሁ፤ እናንተ ታቀፉት። ከገማባችሁ ግን እኔ ቤት አትስበሩት።