አጋፋሪ ይግለጡ እና የአምስቱ ነገሥታት ደንብ

የአጋፋሪ ይግለጡን ነገር የሰማሁት ከአክስቴ ባል ነው፤ እሱ ደግሞ ከአባቱ። አባቱ አንዲት ቃል እንዳልጨመረበት ይምልልኝ ነበር። እኔ አልምልም።

ይግለጡ የንጉሥ ወንድይፍራው አጋፋሪ ነበር፤ ደጃፍ ቆሞ እንግዳ ያስገባል፣ ያስወጣል። በዚያ ዘመን አምስት ጎረቤት ነገሥታት ወንዝ ዳር ተሰብስበው ለአምስቱም አገር አንድ ደንብ አወጡ። ሎሌና ገረድ እሑድ እንዲያርፉ፣ የወለደች ገረድ ልጇ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ወፍጮ እንዳትነካ፣ በአገልግሎት ያረጀ ሰው እንዳይባረር። ይህን የሚከታተል ጉባኤም አቆሙ። ከሁሉ ቀድመው ማኅተማቸውን ያሳረፉት ንጉሥ ወንድይፍራው ናቸው።

አገራቸው ሲገቡ ግን ብራናውን ሳጥን ውስጥ አስቆለፉበት። ዐዋጅ ነጋሪ አልተጠራም፤ ነጋሪት አልተጎሰመም። ወር ካለፈ በኋላ የግቢው ፈጪዎች ይግለጡን ከበው፣ ንጉሡ ከስብሰባው ምን ይዘውልን መጡ ብለው ጠየቁት።

«ዕረፍት ይዘውላችሁ መጥተዋል። እስካሁን ሳጥን ውስጥ ዐርፎ ነው ያለው።»

ዓመት ሳይሞላ ጉባኤው የደንቡን አፈጻጸም የሚያዩ አዛዥ ሐብቴ የሚባሉ ሰው ላከ። የመጡት ረቡዕ ጧት ነው። ወሬው ቀድሟቸው ስለ ደረሰ፣ ንጉሡ ሎሌውን ሁሉ ነጭ አልብሰው ከግቢው ዋርካ ሥር አስቀምጠውት ነበር።

«እነዚህ ምን ሆነው ተቀመጡ?» አሉ አዛዡ።

«የዕረፍት ቀናቸው ነው» አሉ ንጉሡ።

«ዕረፍቱ እሑድ አይደል እንዴ? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

ንጉሡ ወደ ይግለጡ አዩ። ይግለጡ እጅ ነሣና መለሰ።

«ጌታዬ፣ በእኛ አገር እሑድ የሚውለው እርስዎ የመጡ ዕለት ነው።»

አዛዥ ሐብቴ ሊወጡ ሲሉ ደጃፍ ላይ ዱላውን ተደግፎ የተቀመጠ ሽማግሌ አዩ። አያ ቸኮል ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የንጉሡን ፈረሶች ሲያበላ ኖሮ በዋዜማው ተባርሯል። ያባረሩት የግምጃ ቤቱ ሹም በጅሮንድ ካሳዬ ናቸው፤ እንኳን ለሰው ለድመት የሚጥሉት ፍርፋሪ የሚቆጫቸው ሰው።

«ስለ ሰነፈ ነው የተሰናበተው እንጂ አርጅቶ አይደለም» አሉ በጅሮንዱ። «ገና የሠላሳ ዓመት ሰው ነው።»

አዛዡ ይግለጡን፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት።

«እውነታቸውን ነው። ሠላሳ ከሞላው አርባ ዓመቱ ነው።»

አያ ቸኮል በዚያው ዕለት ወደ ጋጣው ተመለሰ። ይግለጡ ግን ከደጃፍ ተነሣና ወፍጮ ቤት እህል አቀባይ ተደረገ። እዚያ እንግዳ አይደርስም ተብሎ ነው።

ወፍጮ ቤት ደብሬ የምትባል ፈጪ ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ሴት ልጅ ወለደች። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ስለሚነሡ የደብሬ ዕረፍት ሰማንያ ቀን መሆን ነበረበት። በአርባ አንደኛው ቀን የበጅሮንዱ መልእክተኛ መጥቶ ተነሺ አላት።

«ልጄ እኮ ሴት ናት» አለች ደብሬ።

«በበጅሮንዱ የልደት መዝገብ ላይ ወንድ ነው» አላት።

ገባች። መጁን ጥቂት ገፍታ ወገቧን ያዘች፤ ገና አልጠናም። ይግለጡ አያትና መጁን ከእጇ ወስዶ ራሱ ይፈጭ ጀመር። ወንድ ሲፈጭ ያዩ ሎሌዎች በር ላይ ተሰብስበው ሳቁበት። እሱ መፍጨቱን ቀጠለ። በዕድሜው ሳይቀልድ የዋለባት ቀን እሷ ብቻ ናት ይላሉ።

በሳምንቱ አዛዥ ሐብቴ ዳግመኛ መጥተው መዝገቡን ገለጡ። በዓመቱ ሃያ ሦስት ልጅ ተወልዷል፤ ሃያ ሦስቱም ወንድ።

«ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» አሉ።

«የእግዜር ሥራ ነው» አሉ በጅሮንድ ካሳዬ።

ይህን ሲሉ ይግለጡ ደብሬን ከነሕፃኗ አስከትሎ ገባ። ንጉሡ ማን ጠራህ አሉት።

«አንድ ነገር ላሳስብ ብዬ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። መዝገቡ እውነት ከሆነ ከእንግዲህ በአገራችን ፈጪ አይወለድም። በጅሮንድ ካሳዬ መጅ መግፋቱን ከአሁኑ ይልመዱት።»

ንጉሡ ሳይወዱ ሳቁ። ደብሬም የቀራትን ቀን ዐረፈች። መዝገቡ ግን አልታረመም።

ይግለጡ ከንጉሡ ቤት የወጣው ደንቡ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ ነገሥታቱ ዳግመኛ የተሰበሰቡ ዕለት ነው። ከስብሰባው በኋላ አዛዥ ሐብቴ በበቅሏቸው አፈናጥጠው ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ እዚያው አርጅቶ ሞተ። ደንቡም በዚያው ወር በአምስቱም አገር ገበያ ተነበበ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው።

አምስቱ ነገሥታት እንደገና ወንዝ ዳር ተሰብስበዋል። ጃንጥላ ያዡ ስለ ታመመ ይግለጡ ከወፍጮ ቤት ተጠርቶ የንጉሡን ጃንጥላ ይዞ ከኋላ ቆሟል። የጉባኤው ሰብሳቢ አባ ዘሚካኤል የሚባሉ ሸበቶ መነኩሴ ነበሩ፤ በየተራ ከደንቡ ምን ቀራችሁ እያሉ ጠየቁ።

«ጨርሰናል» አሉ የመጀመሪያው ንጉሥ።

ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ጨርሰናል አሉ።

«እኛማ ከሁሉ ቀድመን ጨርሰናል» አሉ ንጉሥ ወንድይፍራው።

አባ ዘሚካኤል ከቆሙት ሎሌዎች መካከል ይግለጡን ጠሩት።

«አንተ አገልጋይ ነህ። በመስቀሌ ገዝቼሃለሁ፤ ጨርሰናል ያሉት እውነት ነው?»

ንጉሡ ዘወር ብለው አዩት። ቢዋሽ መስቀሉ ከፊቱ ነው፣ ባይዋሽ ንጉሡ ከአጠገቡ ናቸው። ይግለጡ ጃንጥላውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ።

«እውነት ነው አባቴ። አምስቱም ጨርሰውታል፤ ለእኛ የተረፈ የለም።»