ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ነበረ። አያ ደምለው፣ «እኔ ገና ብርቱ ሆኜ ሳለሁ ለምክትሌ ሥራውን የማሳየው ለምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛልና መልሱን ከእሱ ታገኘዋለህ።

ይህ መምህር ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገለው ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ነበረው። በአገሩ ያለው እያንዳንዱ ጉብታና ወንዝ ስሙን ከየት እንዳገኘ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ እሱ ላይ ይጽፍ ነበር። ከነገሩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ቃላቸው ያለው እዚያ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩም አሳፍሮት አያውቅም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጎኑን መታ መታ ካደረጉት እያጓራ ይነሣል።

ልጁ ግን ሰግታ አዲስ ገዛችለት። መምህሩ መረቃት። ከዚያም አዲሱን ሳሎን አኖረው፤ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አለበሰው፤ እንግዳ ሲመጣ ገለጥ አድርጎ ያሳያል። እሱ ራሱ ጓዳ ገብቶ በአሮጌው ይጽፋል። «የለመደኝ እያለ!» ይላል። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ሞኝነቱ ያናድደኛል፤ ደግሞም ይገባኛል።

አንድ ጠዋት አሮጌው አልነሣም አለ። ጎኑን መታው፤ ዝም። መምህሩ እነዚያን ሽማግሌዎች ሁሉ ዳግመኛ የቀበረ መሰለው። ጠጋኝ ተጠራ፤ ፈታታው፣ ጠራረገው፣ እንደምንም አስነሣው። «መምህር፣ ዛሬ ተነሥቷል፤ ነገ ስለመነሣቱ ግን አልምልልዎትም» አለው።

መምህሩ ሳሎን ሄዶ ዳንቴሉን ገፈፈ፤ አዲሱን ተሸክሞ ጓዳ አመጣውና ከአሮጌው ጎን አስቀመጠው። ያን ቀን ሙሉ አሮጌው ሰጠ፣ አዲሱ ተቀበለ። የመጨረሻው ስም ሲሻገር አሮጌው ገና በርቶ ነበር። መምህሩ በገዛ እጁ አጠፋው፤ ዳንቴሉንም አምጥቶ ለእሱ አለበሰው።

አያ ደምለው፣ አንተ የውኃ አባት ነህ። የአርባ ማሳ የመስኖ ተራ ያለው በአንተ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ምክትልህን ግን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠህ «ምክትሌ ነው» እያልክ ለመንገደኛ ታሳያለህ። እሱም ዳንቴል ለብሷል። ብርቱ መሆንህንማ ማን ካደ? ዛሬ አሳየው የምልህ ብርቱ ስለሆንክ ነው። ነገ ቦዩን ስትከፍቱ አካፋውን ለእሱ ስጠውና ከጎኑ ቁም። ክብሬ ይቀርብኛል ብለህ ከሆነ አትስጋ፤ ዳንቴሉ ወደ አንተ ይመጣል።