በቤጂንግ በኩል ይቀርባል

አንድ ሹም ከቤጂንግ በተመለሰ ማግስት ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ፣ «ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር በዐሥር ሰዓት በርሬ ቦሌ ዱብ አልኩ» እያለ ጉራውን ይነዛ ጀመር። ይህ አልበቃ ብሎት፣ «ከእኔ የራቀ መንገድ የተጓዘ ካለ ይነሣ፤ የጠየቀውን እፈጽምለታለሁ» አለ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አልጋዋን የሚያንሳፍፍባት አንዲት ጎመን ሻጭ ነበረች። ቦይ ይቆፈርልኝ ብላ የሹሙን ደጅ ስትጠና ሦስት ዓመቷ ነው። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተነሣች።

«አንቺ ደግሞ የት ደርሰሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«ኧረ እኔስ ገና መንገድ ላይ ነኝ ጌታዬ» አለች። «ከግቢዎ በር ተነሥቼ ቢሮዎ ሳልደርስ ይኸው ሦስተኛ ክረምቴ። የጠየቅሽውን እፈጽማለሁ ካሉ ግን ትኬት ይቁረጡልኝና በቤጂንግ በኩል ዞሬ ልምጣ፤ እሱ ይቀርበኛል።»