በሌለበት የተፈረደበት ዳኛ

አንድ የአጥቢያ ዳኛ ነበር፤ ቢተው ይባላል። በእሱ ቤት ነገር ሁሉ የተበላሸው ካንሰሩ የተገኘበት ቀን አይደለም። የተበላሸው ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ሐኪሙ እሱን ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ታናሽ ወንድሙን ወደ ክፍሉ የጠራ ዕለት ነው። ሆዱ የዳኛው፣ ሕመሙም የዳኛው ነበር፤ ውጤቱ ግን ለወንድሙ ተነገረ።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የድንበር ክርክር፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ ሲዳኝ የኖረ ነው። ብዙ አልተማረም። አንድ የማያፈርሰው ሕግ ግን ነበረው፤ ባለጉዳዩ በሌለበት ጉዳዩ አይሰማም። ከሳሹ ባለሥልጣን ቢሆን፣ ሰዉ ቢቸኩል፣ ዝናብ ቢመጣ፣ "ሰውየው ይምጣና ፊቱን እያየን እንነጋገር" ይል ነበር። የተከበረውም በዚህ ነበር።

ወንድሙ ልየው ከሐኪሙ ክፍል ፈገግ ብሎ ወጣ።

"ቁስለት ነው አሉ። መድኃኒቱን ከወሰድክ ትድናለህ፤ አይዞህ።"

ዳኛው የወንድሙን ፊት አየ። ስንት ሐሰተኛ ምስክር ያየ ዓይን ነው፤ የሆነ ነገር እንደተደበቀ ገባው። ምን እንደሆነ ግን ሊገባው አልቻለም።

በዚያው ሳምንት ልየው ቤት ስብሰባ ተደረገ። የዳኛው የንስሐ አባትና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባቷን ልታስታምም የመምህርነት ሥራዋን ትታ የመጣችው ልጁ ውድነሽም ተጠራች።

"አባትሽ ካንሰር ነው ያለበት" አላት ልየው። "ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠም። እንዳትነግሪው። ከሰማ በድንጋጤ ይሞትብናል።"

"ጋሼ፣ አባዬ እኮ ሕፃን አይደሉም። ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁት ደግሞ እኔን ነው። ምን ልበላቸው?"

"አይዞዎት በያቸው።"

"ለሁሉም ነገር?"

"ሌላ ምን ይባላል? በይ ማዪልን።"

"በምን ልማል?"

"ሰው በምን ይምላል? አባቴ ይሙት በያ።"

ቄሱ ጢማቸውን አሹ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከልየው አፍ የወጣው ነገር የገባው ሰው ካለ አልተናገረም። የአባቷን ሞት እንድትደብቅ በአባቷ ሞት አስማሏት። እሷም ማለች።

ከዚያ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። ብርቱካንና አምቦ ውኃ ይዘው ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፤ "ዛሬስ አምሮብሃል" ይላሉ። ዳኛው "እዚህ ጋ ያቃጥለኛል፤ ልቤም ዝም ብሎ ይመታል" ብሎ ሲጀምር "አይዞህ" ይሉታል፤ ወዲያው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። እስቲ አስቡት። ያ ቃል የተፈጠረው ሰውን ለማበርታት ነበር። እነሱ ግን አፉን መዝጊያ አደረጉት። ሲወጡ ደግሞ ውድነሽን በር ላይ ይዘው "አደራሽን፣ እንዳይሰማ" ይሏታል። አንቺስ ትተኛለሽ ወይ፣ በልተሻል ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ፍርሃት ስም ሲያጣ ለራሱ ስም ይፈልጋል። ዳኛው እሱ ሲገባ የሚቋረጥ ሹክሹክታ ይሰማል። ሹክሹክታ ካለ ክርክር አለ፤ ክርክር ካለ ንብረት አለ፤ የእሱ ንብረት ደግሞ ይህ ቤት ነው። አንድ ቀን ልጁና ወንድሙ በሩ ጋ ሲንሾካሾኩ አያቸውና ነገሩ የተገለጠለት መሰለው። እሷ የምትሰጠውን ኪኒን መዋጥ ከጀመረ ወዲህ ፀጉሩ ይረግፋል፤ የበላውም አይረጋለትም። ሁሉንም አንድ ላይ ገጣጠመው።

በማግስቱ ምሳ ስታቀርብለት ሳህኑን ገፋው።

"ከዛሬ ጀምሮ ከእጅሽ አልበላም።"

"ምን አደረግሁ አባዬ?"

"እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።"

የምትደብቀውን ታውቃለች። ግን ምላለች። "አይዞዎት አባዬ" ብላ ሳህኑን አነሳች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ለቅሶዋ እንዳይሰማ የታጠበ ልብስ መልሳ አጠበች።

ወደ ልየው ሄደች። "ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ልንገራቸው። እየጠሉኝ ነው። መድኃኒቱንም እየተፉት ነው።"

"ቻዪው" አላት። "ዋናው አለማወቁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰሽ አንድ ምስጢር መያዝ አቃተሽ?"

ክረምቱ ሲገባ ሐጂ ኑርሁሴን የሚባል የዳኛው የቆየ ወዳጅ ሊጠይቀው መጣ። በግ ነጋዴ ነው። ለሕክምና አዲስ አበባ ከርሞ መመለሱ ስለሆነ እንዳይናገር ያስጠነቀቀው አልነበረም።

"ቢተው፣ ከስተሃል" አለው ገና ሳይቀመጥ።

ዳኛው ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "አምሮብሃል ነው የሚሉኝ።"

"ዓይናቸው ታሞ ይሆናል። ይልቅ ንገረኝ፤ ምን ያስፈራሃል?"

ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዳኛው ወደ ጓዳ በኩል አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልጄ።"

"ውድነሽ?"

"የምታበላኝን አላምነውም። ቤቱን ፈልገው ነው። ያንን ኪኒን ስውጥ ነው የምደክመው።"

ሐጂ መደርደሪያው ላይ ያለውን ብልቃጥ አንስቶ አየ። ቆቡን አወለቀ። አንድ ፀጉር አልነበረውም።

"ይኸንኑ ነው እኔም የጨረስኩት። ፀጉሬን የወሰደው እሱ ነው። የያዘን አንድ በሽታ ነው ቢተው፤ ካንሰር ነው። አልነገሩህም እንዴ?"

"ቁስለት ነው ያሉኝ" አለ ዳኛው።

"አይ ሰው" አለ ሐጂ። "እኔ በግ ስሸጥ ገዢው ጥርሱን ሳያይ ብር አያወጣም። አንተን ግን የገዛ ሆድህን እንዳታይ ከለከሉህ?"

ሽማግሌዎቹ የፈሩት ሰዓት ይህ ነበር። ዳኛው ግን በድንጋጤ አልሞተም። እንደ ዳኛ ጠየቀ።

"ያምማል?"

"ያምማል። የሚያስታግስ ግን ይሰጡሃል፤ ጠይቃቸው።"

"አንተ አትፈራም?"

"እንዴት አልፈራም? ሲብስብኝ ሚስቴን 'ፈራሁ' እላታለሁ። እሷም 'እኔም ፈርቻለሁ' ትለኛለች። ከዚያ ሁለታችንም ትንሽ ቀለል ይለናል።"

ሐጂ ከሄደ በኋላ ዳኛው ልጁን ጠራት።

"ካንሰር እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ስገፋሽ፣ ስጠረጥርሽ፣ አንዲት ቃል አልተናገርሽም።"

"አስምለውኝ ነው አባዬ።"

በምን እንዳስማሏት ነገረችው። ዳኛው ዓይኖቹን ጨፈነ።

"እኔ በሌለሁበት ፈረዱብኝ" አለ። "ቅጣቱን ደግሞ አንቺ ተቀበልሽልኝ።" ከዚያ እጁን ዘረጋላት። "ነይ አጠገቤ። አንቺስ፣ ፈርተሻል?"

"በጣም።"

"እኔም። በይ ምሳ አምጪና አብረን እንብላ።"

አስታማሚዋን እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው በሽተኛው ራሱ ነበር።

ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ጠፋ ብል እዋሻለሁ። ግን ስም አገኘ፤ የሚጋራውም ሰው አገኘ። ኪኒኑን ከእጇ ይቀበል ጀመር። ሐኪሙ ዘንድ አብረው ሄደው የሕመም ማስታገሻ ጠየቁ። ሲጨንቀው ይነግራታል፤ ሲደክማት ትነግረዋለች፤ ያን ቀን ሐጂ መጥቶ ከእሱ ጋር ይቀመጥና እሷ ትተኛለች። መስከረም እስኪጠባ እንዲህ ኖሩ። ከዚያ እጇን እንደያዘ ሞተ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አላበቃም።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ልየው ቆሞ ሕዝብ ፊት ተናገረ። "ወንድሜን የገደለው በሽታ አይደለም። ምላ እንኳ ምስጢር መያዝ ያቃታት ልጁ ናት።" የነገረው ሐጂ መሆኑን ሐጂ ራሱ ተነሥቶ ቢናገርም የሰማው አልነበረም። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ "አባቴ ይሙት ብላ ምላ ነበር፤ ይኸው" አለች። ወሬው ከድንኳኑ ወጥቶ ከተማውን ሞላ። ያስማሏት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ንፍሮ ይበሉ ነበር፤ አንዱም አፉን አልከፈተም። ውድነሽ በአርባው ማግስት ከተማውን ለቅቃ ሄደች። ዛሬም ድረስ አባቷን የገደለች ይሏታል።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሰዎች ሆይ፣ ትምህርቱ ይህ ነው። በሽታው የበሽተኛው ነው፤ ውጤቱም የእሱ ነው። ማወቅ እንደሚፈልግና ምን ያህል እንደሚፈልግ መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት። "አይዞህ" ከማለታችሁ በፊት "ምን ያስፈራሃል?" በሉና መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። ስትወጡም በር ላይ የምትሸኛችሁን ልጅ እሷ እንዴት እንደሆነች ጠይቋት። እናንተ ቤት ዛሬ እንዲህ ዝም የተባለ ሰው የለም?

አንተ ግን ልየው፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ዛሬም በየለቅሶው ከፊት ትቀመጣለህ። የምንኖረው አንድ ከተማ ነውና ባገኘሁህ ቁጥር ጠይቄሃለሁ፤ ባገኘሁህ ቁጥር "ያለፈ ነገር ነው" ብለህ አልፈኸኛል። ለእሷ አላለፈም። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ በሚሰማበት እጠይቅሃለሁ፤ ያን ሁሉ ወር የፈራኸው ለወንድምህ ነበር ወይስ ወንድምህ ፊት ተቀምጠህ እውነቱን መናገር ለከበደህ ለራስህ? ለራስህ ከነበረ፣ ያቺ ልጅ የማንን ጥፋት ተሸክማ ነው የምትኖረው? መልስልኝ።