ያልተቆለፉት ቀለበቶች

«አንዲት ዳንቴል ሠሪ ነበረች» አሉ መምሬ ላቀው። ሃምሳ አለቃ ጥሩነህ ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ወዲህ የዕድር ዳኛ ሆኗል፤ የጠየቃቸውም ያስታረቃቸው ሰዎች እሱ ዘወር ሲል ለምን መልሰው እንደሚጣሉ ነበር።

ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት በኪሮሽ፣ በአንዲት መንጠቆ፣ ሠርታለች። ልጇ ያለ ወሯ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ከጭብጥ አትበልጥም፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ከውኃው ወጥታ የምትለብሰው ሙቀት ያለው ነገር ካላገኘች ብርዱ ይወስዳታል ተብሎ ተፈርቷል። ዳንቴል ንፋስ ያሳልፋል። ስለዚህ አያቲቱ አንዲት ጎረቤቷ አሮጊት ዘንድ ሄዳ በሁለት ሽቦ ሹራብ መሥራት ተማረች። ክር ለእጇ አዲስ ስላልሆነ በአንድ ቀን ያዘችው።

ለክርስትናው አሥር ቀን ሲቀር ጀመረች። ጠዋት አራት ጣት ያህል ሠርታ ለአራሷ ገንፎ ልታደርስ ወጣች። ስትመለስ ሥራው ተተርትሯል። ክሩ እንደ ተጠማዘዘ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ሽቦው ከጎኑ በሥርዓት ተቀምጧል። የበሩ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው። ድመት የላትም። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ደጃፏ ላይ ዐመድ ነስንሳ ሄደች፤ ስትመለስም ሹራቡ ተተርትሯል፣ ዐመዱ ላይ ግን ከራሷ በቀር የማንም ዱካ አልነበረም።

አራሷ ይህን ስትሰማ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ልብሱን የማይወድ ነገር አለና ተዪው አለቻት። ሴትዮዋ ጠበል ረጨች። በአራተኛውም ቀን ተተረተረ።

በአምስተኛው ቀን ሥራዋን ይዛ አሮጊቷ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ስትሠራ ያዩዋት ጀመር። ከውጭ ሰው ሲጣራ ሴትዮዋ ልትነሣ አለች።

«ቆዪ» አሏት። «ቀኝ እጅሽን እዪው።»

ወደ ታች አየች። ቀኝ እጇ ሽቦውን ከቀለበቶቹ ሁሉ መዝዞ ከጎን አስቀምጦታል፤ የመጨረሻዋን ቀለበት ብቻ እንዳትፈታ በጣቱ ስቦ እያስረዘማት ነው። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ያለ ድምፅ፣ ወደ ታች ወረዱ።

«እትዬ፣ ማን አዘዘው?» አለች። እጇን ከራሷ ማራቅ አማራት።

«ሠላሳ ዓመት ያዘዝሽው አንቺ ነሽ። በኪሮሽ ክፍት የምትሆነው አንዲት ቀለበት ናት፤ ስትነሺ መንጠቆውን መዝዘሽ እሷን ብቻ ታስረዝሚያለሽ፣ የኋላው ተቆልፏል። እዚህ ግን ሁሉም ክፍት ነው። እስክትጨርሺ ድረስ የሚይዛቸው ሽቦው ነው።»

ሹራቡ ሕፃኗ በተወለደች በሰባ ዘጠነኛው ቀን አለቀ። ሕፃኗም ለብሳው ከቤተ ክርስቲያን ወጣች። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ አስቀምጣ በተነሣች ቁጥር ግራ እጇ ቀኙን አንጓው ላይ ጨብጦ ይይዘው ነበር። ሰዎች ሲነግሯት አታምንም።

መምሬ ላቀው ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሩ።

«አንተም፣ ልጄ፣ ሃያ ዓመት አዝዘሃል። ያዘዝኸው ሰው ‹እሺ› ብሎ ከሄደ ነገሩ ተቆለፈ። ዕርቅ እንደዚያ አይደለም። ትናንት ሁለቱን ወንድማማቾች ልታስታርቅ ተቀምጠህ ታላቁን አስምለህ ወደ ቤቱ ሰደድኸው። ከዚያ ታናሹን ጠርተህ አንድ ሰዓት ሙሉ አነጋገርኸው። በዚያች አንድ ሰዓት ታላቁን ማን ይዞት ነበር?»